ብርቱካንማው ጉንጭ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን ሰፈር፣ ከሱቄ ማዶ ያለውን በረንዳ አንዲት ሴትዮ ተንበርክካ በቀይ የወለል ሰም ስታሽ አየሁ። በጣሳ የሚሸጠውን ማለቴ ነው፤ ክዳኑ ሲነሳ ሻማና ላምባ አንድ ላይ ይሸታል። ዛሬ ሁሉም ወለሉን ሴራሚክ ስላለበሰ ያ ሽታ አፍንጫዬ ከደረሰ ዓመታት አልፈዋል። የመጋረጃ ጥቅል እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ሴትዮዋ «ሳውቦና ማማ!» ብላ በዙሉ ሰላም አለችኝና እንዳልረግጥባት እጇን አወዛወዘች። እኔ እንኳን ልረግጠው ልቀምሰውም ዳድቶኝ ነበር። ለሌላው ሰው የወለል ሰም ይሁን፤ ለእኔ ያ ሽታ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጉልበታቸው የቀላ ሕፃናት ናቸው፤ መልሱን የማላውቀው ጥያቄ ነው፤ ሆዴን ይዤ የሳቅኩበት ዘመን ነው። ሴትዮዋ ሥራዋን ቀጠለች፤ እኔም ጥቅሌን አስቀምጬ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። የዓለም ዋንጫው ጥሩምባ፣ ቩቩዜላ፣ ከተማውን ከማደንቆሩ በፊት ይሁን በኋላ እንኳ እየተምታታብኝ ነው። የማስታውሰው በአንዲት ሃያ ራንድ ምን ይደረግ እንደነበር ነው። ኮታ ይበላባታል፤ ሩብ ዳቦ ሆዱ ተቦርቡሮ የድንች ጥብስና አቻር የሚሉት የሚያቃጥል የማንጎ ማባያ የሚጠቀጠቅበትን ማለቴ ነው፤ ለታክሲም ይተርፍ ነበር። ስልካችን ባለ ቁልፍ፣ የካርዱን ቁጥር በጥፍራችን ፍቀን የምንሞላው፣ አገር ቤት ስንደውል ድምፃችን ያለ ስልክም የሚደርስ ይመስል የምንጮህበት ነበር። ወንዶቻችን ትከሻው የሰፋ ኮትና ሹል ጫማ ያደርጉ ነበር፤ ጫማው ከባለቤቱ ቀድሞ ጥግ ይታጠፋል። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ፕሊሴ ጉርድ። ታክሲዎቹ በሙዚቃቸው መስኮታችንን ያንቀጠቅጡታል፤ እኛ በበኩላችን ከሆሳዕና የመጣ የመዘምራን ካሴት እንለቃለን፤ ሁለቱ መንገድ መሐል ሲጋጠሙ የሚወጣውን ዜማ እስካሁን የቀዳው ሰው የለም። አሁን ልጆቹ ሁሉንም ነገር በየጆሯቸው ወትፈው ይዞራሉ፤ መንገዱም በመኪና ጥሩምባ ብቻ ቀርቷል።

እኔ ያኔም ዛሬም መጋረጃና አልጋ ልብስ ነጋዴ ነኝ። ከጎኔ ዘይነባ አለች፤ የስልጤ ሴት፣ ብርድ ልብስ በጅምላ የምታከፋፍል፣ ሳቋ ከደንበኛዋ ቀድሞ ከሱቅ የሚወጣ። እሑድ እሑድ የእኛ ጉባኤ ከአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ላይ የተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰብ ነበር፤ ያ ቀይ ወለል ያለበት ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ከሐዲያና ከከምባታ የመጣ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ኦሬንጅ ፋርምና ዛንድስፕሩት በሚባሉት የከተማ ዳር ሰፈሮች ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ በፍርግርግ ብረት ጀርባ ዳቦና ሲጋራ ሲሸጥ ይከርማል፤ እሑድ ሲደርስ ኮቱን ለብሶ ከተማ ይወጣል። አማርኛ የሁላችንም መገናኛ እንጂ የአብዛኞቻችን የእናት ቋንቋ አልነበረም። ይህ ነገር በኋላ እንዴት እንደጠቀመኝ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በቤተል ነው። ቤተል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሁለት የፊት ጥርስ የላትም፤ አንደበቷ ግን ምንም አልጎደለውም። አንድ ምሽት እንግዳ ገበታውን ከቦ፣ አባቷ ማዕድ እየባረከ ሳለ፣ በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤት የተማረችውን የሰውነት ክፍል ስም ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ሳታስቀር፣ በጠራ እንግሊዝኛ ደረደረችው። አባቷ «አሜን» ማለት ጠፋው። በማግስቱ ወሬው ኦሬንጅ ፋርም ደረሰ። እሑድ እናቶች አዳራሹ ጓሮ ተሰበሰብን። ግማሹ ትምህርት ቤቱ ይቀየር አለ፤ ግማሹ ሁሉም ትምህርት ቤት እንደዚያው ነው አለ። በመጨረሻ የቤተል እናት «እንግዲህ መስማታቸው ካልቀረ ከኛ ይስሙ» አለችና ዞራ አየችኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አልኩ።

«አንቺ አስተማሪ አልነበርሽም እንዴ?»

«ሆሳዕና ያስተማርኩት መደመርና መቀነስ ነው!»

«ይኼም ያው መደመር ነው» አለች አንዷ ከኋላ። ጓሮው በሳቅ ተናጋ። በሳቁ መሐል ሥራው እኔ ላይ ተላከከ።

ተሸክሜው ቤቴ ስገባ ነው ድንጋጤው የመጣው። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ የሳይንስ መምህራችን ያ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ጠረጉ፣ ከዚያ «ይህን እቤታችሁ አንብቡት» ብለው ወደ ዕፅዋት ተሻገሩ። እኛም እቤት አላነበብነውም። እናቴም ቢሆን ስለዚህ ጉዳይ በሕይወቷ የነገረችኝ አንድ ነገር ቢኖር «እግርሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ» የሚለው ነው። እንግዲህ በዚህ ስንቅ ነው ቅዳሜ ጠዋት ያ አዳራሽ የገባሁት። ወለሉ ትኩስ ሰም ተቀብቷል፤ ልጆቹ ከወዲያ ወዲህ በጉልበታቸው እየተንሸራተቱ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ናቸው። ዘይነባም ልጇን ሐያትን በእጇ ይዛ መጣች። «ዘይነባዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው» ስላት፣ «ወርቄ፣ ሰውነቷን እንድታውቅ ነው የላክኋት፤ መዝሙሩን ስትጀምሩ እወስዳታለሁ» ብላኝ ወደ ሱቋ ሄደች።

«ሕፃን ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ጀመርኩ።

«ከሆስፒታል ይገዛል!» አሉ በአንድ ድምፅ። ለካ ሁላችንም ያንኑ ነው የነገርናቸው። የነጋዴ ልጆች መሆናቸውን ግን ረስተን ነበር።

«ቲቸር፣ በጅምላ ነው በችርቻሮ?» አለ ናቲ፤ አባቱ ዛንድስፕሩት ሱቅ ያለው ልጅ ነው።

«እኛ ሁለት ስለወሰድን ቅናሽ አድርገውልናል» አለች ሐያት፤ መንታ ወንድሞች ተወልደውላት ነበር።

ናቲ አሰብ አደረገና «ታዲያ እኔን ሲገዙ ለምን ረዘም ያለ አልመረጡም?» አለኝ። ዛሬ ናቲ ሱቄ ሲገባ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ያን ቀን ግን ከክፍሉ ሁሉ አጭር እሱ ነበር፤ ጥያቄውም የምሩን ነው።

ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት የተለማመድኩትን ተናገርኩ። ሕፃን አይገዛም፤ እናት ሆድ ውስጥ ማህፀን የሚባል ክፍል አለ፤ አዋቂዎች ሲጋቡና ሲዋደዱ ከአባት ሰውነት ዘር፣ ከእናት ሰውነት እንቁላል ይገናኛሉ፤ ልጁ እዚያ ያድጋል፤ የተረፈውን ከፍ ስትሉ እንማማራለን። የሰውነት ክፍሎችን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ። እዚህ ላይ ነው አማርኛ የጠቀመኝ። በሐዲይኛ ብጠራው እናቴ ከሆሳዕና የምትሰማኝ ይመስለኝ ነበር፤ በአማርኛ ግን «ብልት» ስል እንደ ክርን፣ እንደ ጉልበት ቀለለኝ። ልጆቹም አልደነገጡም። ናቲ ብቻ እጁን አወጣና «አባቴ ዛንድስፕሩት ነው የሚያድረው፤ ዘሩን በታክሲ ነው የላከው?» አለ። «እቤት ሲመጣ ይገናኛሉ» አልኩት። ረካ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ ብዙ ቆየሁ።

እንዲህ እያልን ክፍሉ የሳምንቱ ናፍቆቴ ሆነ። ስለ ጓደኝነት አወራን፤ የተጣላ ሰው እንዴት ይታረቃል፣ ወንድ ልጅ ያለቅሳል ወይስ አያለቅስም፣ ደስ የሚል ምስጢርና ሆድ የሚያስጨንቅ ምስጢር በምን ይለያሉ እያልን። የልደት ስጦታ ምስጢር ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ያልቃል። የማያልቅና የሚያስፈራ ምስጢር ግን ለእናት ይነገራል። የተናገረ ልጅ ምንም ጥፋት የለበትም። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በየሳምንቱ በዜማ አስብላቸው ነበር፤ መንገድ ላይ ሳይቀር ሲያዜሙት ይሰማል።

አንድ ቅዳሜ ዘይነባ የብርድ ልብስ ማሸጊያ ትልቅ ቡናማ ወረቀት ሰጠችኝ። መሬት ዘረጋነው፤ ቤተል ላዩ ላይ በጀርባዋ ተኛች፤ ልጆቹ ዙሪያዋን በእርሳስ አሰመሩ። ስትነሳ የቤተል ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ከዚያ በሮቦት ቀለም እንቀባዋለን አልኩ፤ እዚህ አገር የትራፊክ መብራቱን ሮቦት ነው የሚሉት። የዋና ልብስ የሚሸፍነው ቦታ ሁሉ ቀይ ነው፤ ስትታጠቡ እናት፣ ስትታመሙ ሐኪም፣ ያውም እናት አጠገባችሁ ቆማ ካልሆነ ማንም አይነካውም። ሆድና ጭን ብርቱካንማ፤ ሳይጠየቅ አይነካም። እጅ አረንጓዴ፤ ለሰላምታ ነው። ፀጉር ላይ ትንሽ ተከራከርንና ብርቱካንማ ሆነ፤ የሐያት ሹሩባ ብዙ ጠላት ነበረው። ፊት ላይ ስንደርስ እኔ አረንጓዴውን እርሳስ አንስቼ ጉንጩን ልቀባ ጎንበስ አልኩ።

«ኖ ቲቸር!» አለች ቤተል። «ጉንጭ ኦሬንጅ ነው።»

«ለምን?»

«መጀመሪያ መጠየቅ አለበት። ማንም ግን አይጠይቅም።»

በእኛ ወግ የልጅ ጉንጭ ያገር ነው። እንግዳ ሲመጣ እናት ልጇን ከኋላ ገፋ ታደርጋለች፤ «ሂጂ ሳሚ! ጋሼን ሳሚ እንጂ!» ይባላል፤ ልጅቷ ካቅማማች ብብቷ ሥር ቆንጠጥ ትደረጋለች። እኔም ተገፍቼ አድጌያለሁ፤ ልጆቼንም ገፍቻለሁ። ክፉ ሐሳብ የለበትም፤ ፍቅር ነው፤ አክብሮት ነው። ግን ስንት ቅዳሜ ሙሉ «ሰውነታችሁ የራሳችሁ ነው» ስላቸው የከረምኩ እኔ፣ ያቺ ልጅ ሰውነቷ የራሷ ያልሆነበትን አንድ ቦታ በጣቷ ስታሳየኝ ምን ልበላት? «ኦሬንጅ ይሁን» አልኩ። ቤተል በሁለት እጇ እየተጫነች እርሳሱ እስኪሰበር ቀባችው። የሚመጣብኝን አላወቅኩም።

እሑድ መጣ። ጋሽ ዴታሞን ላስተዋውቃችሁ። የጉባኤው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው፤ ኦሬንጅ ፋርም ዳር ላይ ሱቅ ነበራቸው፤ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ሌሊቱን ያደረው እሳቸው ሱቅ ወለል ላይ ነው። ከአገር ሲወጡ ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ነበሩ። ምሕረት የምትባለው ልጃቸው እሳቸው መንገድ ላይ ሳሉ ተወለደች፤ ዓይኗን አይተውት አያውቁም። የመኖሪያ ወረቀቱ ተስተካክሎ እናትና ልጅ እስኪመጡ ሲጠብቁ ዓመታት አለፉ። ታዲያ እሑድ እሑድ ስብሰባው ሲያልቅ በሩ አጠገብ ይቆማሉ፤ ልጆቹ ይሰለፋሉ፤ ጋሽ ዴታሞ በዚያ በሸበተ ጢማቸው ግራና ቀኝ፣ ግራና ቀኝ እየሳሙ ከኪሳቸው ከረሜላ ያወጣሉ። በምሕረት ምትክ እንደሚስሟቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር። የሚናገረው ግን አልነበረም።

ያን እሑድ ጋሽ ዴታሞ አፋቸውን ሞጥሞጥ አድርገው ወደ ቤተል ጎንበስ ሲሉ፣ ቤተል ሁለት ጉንጮቿን በሁለት መዳፎቿ ግጥም አድርጋ ሸፈነች። «ኦሬንጅ ነው ጋሼ!» አለች። ከኋላዋ ያሉት ልጆች ሁሉ እንዲሁ ጉንጫቸውን ሸፈኑ። «ኦሬንጅ! ኦሬንጅ!» አንዷ እናት ልጇን ቆነጠጠች፤ ልጁ ጮኸ። ጋሽ ዴታሞ ቀና አሉ፤ ከረሜላውን አግዳሚው ላይ አኖሩና ሻይ ሳይጠጡ ወጡ። ፊታቸውን አይቼዋለሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ስልኬ ማረፊያ አጣ። «ጋሽ ዴታሞን ጠረጠርሻቸው ማለት ነው?» «ልጆቹን ባለጌ አደረግሽብን!» የቤተል እናት ሳትቀር ክፍሉ ለጊዜው ቢቀር አለችኝ። የጨነቀኝ ክፍሉ ቢዘጋም ባይዘጋም ጉዳት መኖሩ ነው። ክፍሉ ከተዘጋ ልጆቹ «እምቢ ማለት ያስቀጣል» የሚለውን ይማራሉ፤ እስካሁን የተማሩት ሁሉ ገደል ይገባል። ካልተዘጋ ደግሞ የማንንም ሆድ ያላስከፉት ሰው በሰው ፊት እንደተጠረጠሩ ይቀራሉ። ዘይነባ ብርድ ልብስ እየቆጠረች ሰማችኝና «ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያቸው» አለች። «ቀለሙን ግን እንዳትቀይሪ። ለደህና ሰው ብለሽ አንዴ ከቀየርሽው ደህናው የቱ እንደሆነ ልጅ በምን ያውቃል?»

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። አንደኛው ገና ሳልቀመጥ «እህት ወርቅነሽ፣ ልጆቻችንን እምቢተኝነት ነው የምታስተምሪው?» አለ። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩና መለስኩለት።

«አዎ። አንድ ቀን እምቢ ሊሉት የሚገባ ሰው ይመጣ ይሆናል። ያን ቀን እኔም እናንተም አጠገባቸው አንኖርም። የሚወዳቸው ሰው ላይ ካልተለማመዱት የዚያን ቀን ከየት ያመጡታል?» ዞሬ ጋሽ ዴታሞን አየሁ። «ጋሽዬ፣ ስላስቀየምኩዎት ይቅርታ። ግን ልጆቹ እንዲለማመዱበት ከእርስዎ የተሻለ ደህና ሰው የት አገኛለሁ?»

«ቅዳሜ መጥቼ ራሴ እሰማለሁ። ከዚያ እንወስናለን» አሉ ጋሽ ዴታሞ።

ቅዳሜ ከኦሬንጅ ፋርም ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ከልጆቹ ወንበር ሌላ አልነበረም፤ እዚያው ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ።

«ቤተል» አሉ። «ፈራሽኝ እንዴ?»

«ኖ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን በደልኩሽ?»

ቤተል ወደኔ አየች። ንገሪያቸው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። የጆሃንስበርግ ልጅ አንቱታ አያውቅም፤ «ሶሪ ጋሼ፣ ጢምህ ይወጋል» አለች።

«እኔንም!» አለ ናቲ። «እኔንም! እኔንም!» ክፍሉ ተንጫጫ። ሐያት ደግሞ «ሚንት ስትበላ ጉንጬን ይበርደኛል» አለች። ጋሽ ዴታሞ እጃቸውን ወደ ጢማቸው ሰደዱ፤ ዳበስ ዳበስ አደረጉት። መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ቀጥሎ ወንበሩ፣ ቀጥሎ መላ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳምንቱን ሙሉ ስንት ክፉ ነገር ሲያብሰለስሉ ኖረው ነገሩ ጢም ሆኖ ተገኘ። በመሐረባቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ «ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ማንም ሳይነግረኝ!» አሉ።

«አልጠየቅከንማ» አለች ሐያት።

ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «እሺ፣ እንዴት ነው የሚጠየቀው?»

ቤተል ወረቀቱ አጠገብ አቆመቻቸው። «ልሳምሽ ትላለህ። ከዚያ ትጠብቃለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክመልስልህ።»

እንዲህ አድርገው ልጆቹ ጋሽ ዴታሞን አሠለጠኗቸው። ቤተል እጅ ብቻ ነው አለች፤ ጨበጧት። ሐያት ትከሻ ለትከሻ መረጠች፤ እሷ ጋ ለመድረስ ተንበረከኩ፤ ሱሪያቸው በወለሉ ሰም ቀላ። ናቲ የሰፈሩን ወጣቶች ሰላምታ፣ መዳፍ፣ አውራ ጣት፣ እንደገና መዳፍ አስተማራቸውና በሰፈሩ ቋንቋ «አሪፍ ነው» ሊላቸው «ሻርፕ ጋሼ!» አለ። «ሻርፕ!» አሉ እሳቸውም አውራ ጣታቸውን አንስተው። አንዲት ሚጢጢ ልጅ ደግሞ «እኔ መሳም እወዳለሁ፣ ይውጋኝ» ብላ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሰጠች። እኔ ደስታዬ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ልጆቹ ሲበተኑ ጋሽ ዴታሞ ወንበሮቹን ሲያነሳሱልኝ ቆዩና፣ «ወርቅነሽ፣ ምሕረት ስትመጣ እኔ ለእሷ እንግዳ ሰው ነኝ እኮ» አሉኝ። «ሮጬ ላቅፋት ነበር ሐሳቤ። ስንት ዓመት ያንን ብቻ ነው ሳስብ የኖርኩት።» እሑድ ዕለት ክፍሉ እንዲቀጥል ራሳቸው ከመድረኩ ተናገሩ። ወላጆችም መጥተው ይማሩ ብለው ጨመሩበት፤ አንዳንዶቹ መጡ።

የመኖሪያ ወረቀቱ አልቆ እናትና ልጅ የመጡት ከዚያ በኋላ ባለው ክረምት ነው፤ እዚህ ክረምት ማለት ደረቅ ብርድ ነው፤ ትንፋሽ ይጨሳል። ጉባኤው በሁለት ሚኒባስ ተጭኖ አውሮፕላን ማረፊያ ወረደ። ሴቶቹ እልልታውን አፋችን ላይ አዘጋጅተናል። ጋሽ ዴታሞ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላሉ። በመጨረሻ ባለቤታቸው ወጡ፤ ከኋላቸው ሰፊ ሮዝ ጃኬት የለበሰች፣ የሻንጣውን እጀታ ጨምድዳ የያዘች ልጅ። ባልና ሚስት ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከዚያ ጋሽ ዴታሞ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ሂጂ እንጂ፣ አባትሽ ናቸው፤ ሳሚያቸው!» አሉ እናትየው፤ ገፋ አደረጓት። «እቀፏት እንጂ!» አለ ሰዉ ሁሉ ከዚህም ከዚያም። ጋሽ ዴታሞ እጃቸውን አንስተው ሁላችንንም ዝም አሰኙን። ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ተንበረከኩና በሐዲይኛ «ምሕረት፣ ልሳምሽ?» አሏት። ከዚያ ጠበቁ። በድምፅ ማጉያው የማን በረራ እንደዘገየ ሲነገር ይሰማኛል። ልጅቷ አየቻቸው፤ እናቷን አየች፤ ራሷን ነቀነቀች፤ አልፈለገችም። እኔ ያመጣሁት መዘዝ ነው አልኩ በሆዴ።

«ደህና» አሉ ጋሽ ዴታሞ። «እጅሽንስ?»

ምሕረት ትንሽ አሰበች። እጀታውን ለቀቀችና እጇን ዘረጋች። በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። እልልታችን አፋችን ውስጥ ቀረ፤ አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው «ምስኪን» ሲሉ ሰማሁ። ምስኪኑ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጀምሮ ለሁሉም «እጇን ሰጠችኝ እኮ፤ አያችሁ?» ሲሉ፣ እንዲያ ሲሉ ኦሬንጅ ፋርም ደረሱ።

ብዙ እሑድ በመጨባበጥ አለፈ። ምሕረት ስብሰባው ሲያልቅ የአዳራሹን ዓምድ ተደግፋ ትቆማለች፤ ልጆቹ ተሰልፈው አንዱ መዳፍ፣ አንዱ ትከሻ፣ አንዱ ጉንጭ እያሉ ለአባቷ ሲያዝዙ ታያለች፤ አባቷም ለእያንዳንዱ ሲጠይቁና ሲጠብቁ ታያለች። የምታስበውን ማንም አያውቅም ነበር። እሳቸውም አንድ ቀን ነይ ብለው አልጠሯትም፤ እንደምን ዋልሽ ብለው እጇን ጨብጠው ያልፋሉ። ባለቤታቸው ትዕግሥታቸው አልቆ ለእኔ ያማርሩ ነበር፤ «ልጄን ለአባቷ እንግዳ አደረግሽብኝ» ብለውኛል፤ እኔም ይሆን ይሆን እያልኩ ሌት ተቀን እብሰለሰል ነበር።

አንድ እሑድ ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ምሕረት ከዓምዱ ተላቀቀች። መጣችና መጨረሻ ላይ፣ ከቤተል ኋላ ቆመች። ቤተል እጇን ሰጥታ አለፈች። ጋሽ ዴታሞ ቀና ሲሉ ልጃቸው ፊታቸው ቆማለች። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

«ምን ይሁን?» አሏት።

ምሕረት በጣቷ ጉንጯን አሳየቻቸው።

ያን ሁሉ ዓመት የከተማውን ልጅ ሲስሙ የኖሩት ጋሽ ዴታሞ፣ እዚያ ቀይ ወለል ላይ ተንበርክከው፣ እንዴት እንደሚሳም ጠፋቸው። እጃቸውን አነሱት፣ መለሱት፤ እኔን አዩኝ፣ እናቷን አዩ። ምሕረት ትንሽ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ራሷ ሳመቻቸው።